ሪባን ከተቆረጠ በኋላ ማን ይክፈል?

የወረዳ የሕዝብ ውይይት ላይ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ቅደም ተከተሉን በቃሉ ይዞታል። መጀመሪያ ሪፖርት ይነበባል። ሪፖርቱ በመቶኛ የተሞላ ነው፤ ከዕቅዱ ይህን ያህል ተከናውኗል፣ ይህን ያህሉ በሂደት ላይ ነው ይባላል። ከዚያ መድረኩ ለነዋሪው ክፍት ይሆናል። አንዲት እናት ተነሥተው የቦኖው ውኃ ከጠፋ ሁለት ሳምንት እንደሆነው ይናገራሉ። አንድ ወጣት ኳስ የምንጫወትበት ሜዳ ታጥሮ የመኪና ማቆሚያ ሆነ ብሎ ያነሣል። ሌላው ጤና ጣቢያው መድኃኒቱን ከውጭ ግዙ እያለ እንደሚመልሳቸው ያስረዳል። በስተመጨረሻ ሰብሳቢው «የተነሡትን ነጥቦች በሙሉ በግብዓትነት ወስደናል» ይላሉ፣ ይጨበጨባል፣ የታሸገ ውኃችንን ይዘን እንወጣለን።

ብዙ ሰው ከዚህ ተነሥቶ «አይሰሙንም» ብሎ ይደመድማል። እኔ ትንሽ ለየት ያለ ነገር ነው የምለው። ይሰሙናል፤ አንዳንዴም የጠየቅነው ይሠራል። መጸዳጃ ቤት ተብሎ ሲለመን መጸዳጃ ቤት ይቆማል፣ የወጣት ማዕከል ሲባል የወጣት ማዕከል ይቆማል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሣል። ችግሩ እኛ ስንጠይቅም እነሱ ሲመልሱም የምናወራው ስለ መሥራት ብቻ መሆኑ ነው። የተሠራውን ነገር በየወሩ ለማስኬድ ስንት ብር ያስፈልጋል፣ ብሩስ ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ አዳራሹ ውስጥ አይገባም። ከሁለት ዓመት በኋላ ያንኑ ነገር «ተበላሽቷል» ብለን እዚያው አዳራሽ ተመልሰን እንቀመጣለን።

የሕዝብ መጸዳጃ ቤትን እንውሰድ። ግንባታው የአንድ ጊዜ ወጪ ነው። ከዚያ በኋላ ግን በየቀኑ ውኃ አለ፣ ሳሙና አለ፣ የጽዳት ሠራተኛ አለ፣ ጥበቃ አለ፣ የሚቃጠል አምፖል አለ። በየተወሰነ ጊዜ ደግሞ ፍሳሽ የሚመጥ መኪና መጥራት የግድ ነው። አዲስ አበባ ላይ ውኃ በፈረቃ እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን፣ ስለዚህ ሮቶም ያስፈልጋል። ብዙ ቦታ ይሄ ሁሉ ለተደራጁ ወጣቶች ይሰጥና እነሱ ከተጠቃሚው ጥቂት ብር እየተቀበሉ ያስተዳድራሉ። ሐሳቡ በራሱ መጥፎ አይደለም። ሰው በሚበዛበት ቦታ፣ መርካቶ ወይም አውቶቡስ ተራ አካባቢ በሉት፣ ሒሳቡ ያዋጣል። የቀበሌ ቤቶች በተደራረቡበት፣ አሥር ቤተሰብ በአንድ ሽንት ቤት በሚጠቀምበት ሰፈር ውስጥ ግን አያዋጣም፤ ነዋሪው በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ ለራሱም ለልጆቹም እየከፈለ ሊገባ አይችልም። ስለዚህ ወጣቶቹ ቀስ በቀስ ይተዉታል። በሩ ይቆለፋል፣ «ቁልፉ እገሌ ጋ ነው» ይባላል፣ በረንዳው ላይ ቡና መሸጥ ይጀመራል። አገልግሎቱ መጀመሪያ የሚዘጋው የበለጠ በሚፈለግበት ቦታ ነው ማለት ነው። በሪፖርቱ ላይ ያለው ቁጥር ግን አይቀንስም፤ ምክንያቱም የሚቆጠሩት የተገነቡት እንጂ ዛሬ ጠዋት ክፍት የሆኑት አይደሉም።

ይሄን ነገር ከሁሉ በላይ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳየው የኮንዶሚኒየሙ ታሪክ ይመስለኛል።

በ1990ዎቹ አጋማሽ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ሲጀመር ንድፍ አውጪዎቹ አንድ ትክክለኛ ነገር አስበው ነበር። ከግቢ ቤት ወደ ፎቅ የሚወጣ ሰው አኗኗሩን እታች ጥሎ አይወጣም። እንጀራ ይጋገራል፣ ለበዓል በግ ይታረዳል፣ ልብስ ይታጠባል፣ ሰው ሲሞት ለቅሶ ይቀመጣል። ይሄ ሁሉ አራተኛ ፎቅ ላይ በአንድ መኝታ ቤት ውስጥ አይሆንም። ስለዚህ በየብሎኮቹ መካከል የጋራ መጠቀሚያ ሕንፃ ተሠራ፣ ነዋሪው «ኮሚናል» የሚለው። ዛሬ ወደ ጀሞ፣ ወደ ሰሚት ወይም ወደ የካ አባዶ ሄዳችሁ እነዚህን ሕንፃዎች ብትፈልጉ፣ ለታሰቡለት ሥራ የሚያገለግሉ ታገኛላችሁ፤ አጠገቡ ያለው ግን ሱቅ ሆኗል፣ ሌላው አጸደ ሕፃናት ሆኗል፣ ሌላው የመንግሥት ቢሮ ሆኗል፣ ሌላው ደግሞ መስኮቱ ተሰብሮ አሸዋና አሮጌ በር የሚጠራቀምበት መጋዘን ነው። እንጀራው አሁንም ፎቅ ላይ ይጋገራል። በጉም ደረጃ ሥር ይታረዳል።

ለምን እንዲህ ሆነ ሲባል «ሙስና» ብሎ መገላገል ቀላል ነው። አንዳንድ ቦታ እሱም ሊኖር ይችላል። እኔ ግን ሒሳቡ ራሱ በቂ ምክንያት ነው ባይ ነኝ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ፣ ቁጥር 370፣ የጋራ የሆነውን ነገር የማስተዳደር ኃላፊነቱን የሰጠው ለቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው። ማኅበሩ ደግሞ ያለው ገቢ የወር መዋጮ ነው። ከዚያች መዋጮ ላይ ጥበቃ ይከፈላል፣ የውኃ መሳቢያ ሞተር ይጠገናል፣ የደረጃ መብራት ይከፈላል፣ ቆሻሻ ይወገዳል። መዋጮውን በወቅቱ የሚከፍለው እዚያው የሚኖረው ባለቤት ነው። ቤቱን አከራይቶ ሌላ ሰፈር የሚኖረው፣ ወይም ዱባይና ዋሽንግተን ሆኖ ኪራዩን በዘመድ የሚያስሰበስበው ባለቤት ግን የደረጃው መብራት መቃጠል አያሳስበውም። ተከራዩም «እኔ ነገ እለቃለሁ» ይላል። ትምህርት ቤት ሳለን መምህራችን ሰሌዳ ላይ ሥዕል እየሠራ ሊያስረዳን የደከመበትን ነገር፣ ሳይከፍሉ መጠቀምን ማለቴ ነው፣ ከአንድ ብሎክ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋር ሻይ ብትጠጡ በአሥር ደቂቃ ትረዱታላችሁ። ማኅበሩ ሲቸግረው ኮሚናሉን ያከራያል። የኪራዩ ብር ጥበቃውን ይከፍላል። ጥበቃ ተገኘ፣ ማዕድ ቤቱ ጠፋ። ማንንም ሌባ ሳያደርግ የጋራው ነገር አለቀ።

ወደ ወረዳው ስንመለስ ሒሳቡ ይሄው ነው፤ የሚለየው በጀቱ ሁለት ኪስ ያለው መሆኑ ነው። አንዱ ካፒታል ይባላል፣ የሚገነባበት። ሌላው መደበኛ ይባላል፣ ደመወዝ፣ መብራት፣ ጥገና፣ ወረቀት የሚከፈልበት። ትልልቁን ግንባታ የሚያቅደውና የሚያስገነባው አብዛኛውን ጊዜ የከተማው ቢሮ ነው፤ ሲያልቅ ለክፍለ ከተማው ወይም ለወረዳው ይተላለፋል። ወረዳው ተረክቦ ሊያስተዳድረው ነው። ነገር ግን ወረዳው ከነዋሪው ግብር ቢሰበስብም የሚሰበስበው ለራሱ አይደለም፣ ለከተማው ካዝና ነው። የበጀት ጣሪያው ከላይ ተወስኖ ይወርድለታል፣ ከዚያም ውስጥ አብዛኛው ደመወዝ ነው። ደመወዝ ላይ እጅ መጫን አይቻልም። የሚቀነሰው ጥገና ነው። የወጣት ማዕከሉ ይከፈታል፣ አንድ ተቀጣሪ አስተባባሪ ይመደብለታል፣ መጽሐፍ የሚገዛበትና የተበላሸ ኮምፒውተር የሚጠገንበት መስመር ግን ባዶ ነው። ከዓመት በኋላ ማዕከሉ ውስጥ የሚሠራው ገንዘብ የሚያስገባው ብቻ ይሆናል። ፑል፣ ጆተኒ፣ የአውሮፓ ኳስ ማሳያ። ቤተ መጻሕፍቱ «ለጊዜው» ይዘጋል። ወጣቱ ላይ መፍረድ አይቻልም፤ ጆተኒው ነው መብራቱን የሚከፍለው።

ለሹመኛውስ ምን ይጠቅመዋል? ጥገና ሪባን የለውም። አዲስ ነገር ያስመረቀ ኃላፊ ዜና ላይ ይወጣል፣ ግምገማው ላይ ነጥብ ያገኛል። አሥር ዓመት የሠራ ቦኖ ሳይቋረጥ አሥራ አንደኛ ዓመቱን እንዲይዝ ያደረገ ባለሙያ ግን ማን እንደሆነ እንኳ አናውቅም። ኃላፊዎች ቶሎ ቶሎ በሚቀያየሩበት መዋቅር ደግሞ የነገው የጥገና ዕዳ የሚቀጥለው ሰውዬ ዕዳ ነው። ክፋት አያስፈልገውም፣ ማንም ሰው እዚያ ወንበር ላይ ቢቀመጥ የሚገፋው ወደዚያው ነው።

ይሄ ጉዳይ አሁን ከበፊቱ የበለጠ አሳሳቢ የሆነበት ምክንያት አለ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ ከተማዋ በአጭር ጊዜ ውስጥ ብዙ የጋራ ንብረት ገንብታለች። ከፒያሳ አራት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎ ቦሌ የሚሄድ ሰው በዓይኑ የሚያየው ነው፤ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመር፣ የመንገድ መብራት፣ ፏፏቴ፣ የልጆች መጫወቻ፣ መጸዳጃ ቤት። ስለተነሡት ሰዎች ብዙ ተብሏል፣ ገና ብዙ ይባላል፣ ዛሬ ወደዚያ አልገባም። ስለ ተገነባው ነገር ብቻ እናውራ። የከተማ አስተዳደሩ በጀት በ2017 ዓ.ም. 230 ቢሊዮን ብር ገደማ ነበር፤ የ2018 ወደ 350 ቢሊዮን ብር ደርሷል። ብዙ ገንዘብ ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ፏፏቴ ሞተር አለው፣ ሞተሩ መብራት ይበላል፣ የመብራት ታሪፍ ደግሞ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ እንዲሄድ ለአራት ዓመት ታቅዷል። ሞተሩም ሆነ አምፖሉ፣ የመጸዳጃ ቤቱ ቧንቧ ብዙው ዕቃ ከውጭ የሚመጣ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ዘንድሮ የተተከለ ነገር ከሦስት ከአራት ዓመት በኋላ መለዋወጫ ሲፈልግ፣ ሲተከል በተከፈለው ዋጋ አይጠገንም። ዋናው መንገድ ላይ ያለው፣ እንግዳ የሚያየው፣ ምናልባት ቅድሚያ ያገኛል። ከዋናው መንገድ አምስት መቶ ሜትር ገባ ብሎ ያለው ቦኖና የመንገድ መብራት ነው ወረፋ የሚጠብቀው።

አሁን እስቲ ይሄን ነገር በደንብ የሚያውቅ አንድ ምክር ቤት አለ፣ እሱን ላንሣ። እድር።

የእድር ስብሰባ ላይ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ? ወጣቶች ብዙ አንሄድም፣ አባትና እናቶቻችን ናቸው የሚሄዱት፤ እኔም የሄድኩት እናቴ እግሯን ሲያማት ተክቻት ነው። አዲስ ድንኳን ይገዛ የሚል ሐሳብ ቢመጣ ውይይቱ ዋጋው ላይ አያቆምም። የት ይቀመጣል? ዝናብ ያገኘው ድንኳን ማን ያደርቀዋል? ለሠርግ የሚከራየው አባል ስንት ይክፈል፣ አባል ያልሆነውስ? ወንበር የሰበረ በምን ይቀጣል? ዕቃ ግምጃ ቤቱን የሚጠብቁት ሰውዬ የወር ክፍያቸው ይጨመር ወይስ አይጨመር? ገንዘብ ያዡ ደብተሩን ገልጠው በባንክ ያለውን፣ በእጅ ያለውን፣ ያልከፈለውን ሰው ስም ሳይቀር ያነባሉ። አሰልቺ ነው። ሁለት ሰዓት በምጣድና በብረት ድስት ብዛት ላይ ሲከራከሩ ትሰማላችሁ፣ አሮጊቶቹ ደግሞ አንድም ማንኪያ አያልፋቸውም። ነገር ግን ድንኳኑ ሰው በሞተ ቀን ይተከላል። እርጥብ አይደለም፣ አልተቀደደም፣ ካስማው አልጠፋም። ሰብሳቢውም «በግብዓትነት ወስደናል» አይሉም፤ የሚሉት «ወሰንን፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ይግባ» ነው።

ልዩነቱ ነዋሪው የተማረ ወይም ያልተማረ መሆኑ አይደለም። እድሩ ላይ የሚቀመጡት እትዬና ጋሼ ወረዳው አዳራሽ ውስጥ የሚቀመጡት ሰዎች ናቸው። እዚያ ላይ ብሩ የራሳቸው ነው፣ ደብተሩ ፊታቸው ነው፣ ውሳኔውም የእነሱ ነው፤ ገንዘብ ያዡ ካልሆኑላቸው ያወርዷቸዋል። እዚህ ላይ ሦስቱም የሉም።

ስለ ማውረድ ከተነሣ አንድ የተረሳ ነገር ላስታውስ። በአገር አቀፍ ደረጃ የአካባቢ ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተደረገው ሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው። ያኔም 33 ተቃዋሚ ፓርቲዎች አንወዳደርም ብለው ወጥተው ገዥው ፓርቲ ወንበሩን ጠቅልሎ የወሰደው ማለት ይቻላል። የአምስት ዓመቱ ጊዜ 2010 ላይ ሲያልቅ ምርጫው ተራዘመ። ሰኔ 2013 ላይ አዲስ አበቤው ለተወካዮች ምክር ቤትና ለከተማው ምክር ቤት፣ 138 ወንበር ላለው፣ ድምፅ ሰጠ፤ ወረዳው ግን የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ አልነበረም። በ2005 እኔ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። የእኔ ትውልድ ለወረዳ ምክር ቤት አባል ድምፅ ሰጥቶ አያውቅም ማለት ነው፣ በሰፈሩ ያለውን ቦኖና ሜዳ የሚመለከተውን ምክር ቤት። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50 ላይ፣ ስለ ክልሎች ሲናገር ቢሆንም፣ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለታችኛው እርከን በቂ ሥልጣን እንደሚሰጥ ይላል። ሥልጣኑም ተሳትፎውም በወረዳ አዳራሽ ውስጥ በሚደረግ የግማሽ ቀን ስብሰባ ተተክቷል።

ምርጫው እስኪመጣ ምንም ማድረግ አይቻልም ግን አልልም። ከዚህ በፊት የተሞከረ ነገር አለ። በ1998 ዓ.ም. ለጋሾች ከምርጫ 97 ቀውስ በኋላ በጀቱን በቀጥታ መደገፍ አቁመው መሠረታዊ አገልግሎቶችን በሚደግፈው ፕሮግራም ሲተኩት፣ ከገንዘቡ ጋር ሁለት ነገር አብሮ መጣ። አንደኛው የወረዳው በጀት ተራ ሰው በሚገባው መንገድ ተዘጋጅቶ ሰሌዳ ላይ መለጠፉ ነው። ሁለተኛው ማኅበራዊ ተጠያቂነት የሚባለው ነው፤ ተጠቃሚዎች ለጤና ጣቢያው ወይም ለትምህርት ቤቱ ነጥብ ይሰጣሉ፣ ሠራተኞቹም በበኩላቸው ለራሳቸው ይሰጣሉ፣ ከዚያ ፊት ለፊት ተቀምጠው ልዩነቱን ይነጋገሩና ማን ምን መቼ እንደሚሠራ ይጽፋሉ። ጉድለት ነበረበት፤ ብዙው በለጋሽ ገንዘብና በፕሮጀክት ዕድሜ የታጠረ ነበር፣ ፖለቲካ የሚነካ ጥያቄም አይጠየቅበትም። ነገር ግን ጥያቄውን «ምን ይሠራልን?» ከሚለው ወደ «የተሠራው እየሠራ ነው ወይ?» ወደሚለው ያዞረ ነበር። ያንን ለማድረግ የውጭ ብር አያስፈልግም። ወረቀትና ሰሌዳ ነው።

በእኔ አስተያየት የወረዳ ምክር ቤት ነገ ጠዋት ሊጀምረው የሚችለው ነገር ትንሽ ነው። ማንኛውም አዲስ ግንባታ ለውይይት ሲቀርብ ከግንባታው ዋጋ ጎን አንድ ተጨማሪ ቁጥር ይጻፍ፤ በዓመት ለማስኬድ ስንት ይፈጃል የሚለው። ከየትኛው የበጀት መስመር እንደሚከፈል፣ በክፍያ የሚተዳደር ከሆነም መክፈል የማይችለው ሰፈር እንዴት እንደሚሸፈን አብሮ ይቀመጥ። ሪፖርቱም «የተገነባ» የሚል አንድ ዓምድ ብቻ ሳይሆን «ዛሬ የሚሠራ» የሚል ሁለተኛ ዓምድ ይኑረው። አውቃለሁ፣ ሁለተኛው ዓምድ የሚያሳፍር ይሆናል። ለዚህ ነው እስካሁን የሌለው። «ይሄ ከሆነ ምንም አይገነባም» የሚል ክርክር ይነሣል፤ አንዳንዱ ነገር ባይገነባ ይሻላል የምለው እኔ ነኝ። የሚዘጋ ሦስተኛ መጸዳጃ ቤት ከመሥራት ሁለቱን ዓመቱን ሙሉ ክፍት ማድረግ ብሩም ያንሳል፣ ሰውም ይጠቀማል።

ይሄ ጥያቄ ከእንግዲህ የበለጠ መነሣቱ አይቀርም፣ ምክንያቱም ብሩ ቀስ በቀስ የራሳችን እየሆነ ነው። የጣሪያና ግድግዳ ግብሩ ከፍ ሲል የሰማነውን ጩኸት ታስታውሳላችሁ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የንብረት ታክስ አዋጅ ጸድቋል፤ ከተሞች ከቤትና ከይዞታ ገቢ ሰብስበው ለአገልግሎት እንዲያውሉት ነው ሐሳቡ። በጡረታ የሚኖሩ አንድ አባት ስለ ቤታቸው በዓመት ሲከፍሉ፣ በራቸው ላይ ያለው የመንገድ መብራት ለምን እንደማይበራ የመጠየቅ መብታቸው እንደ እድሩ አባል ነው የሚሆነው፤ ከፋይ ናቸዋ።

ጊዜውን ግን ማወቅ ያስፈልጋል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ያልቃል፣ ሐምሌ 1 አዲሱ ይጀምራል። የዓመቱ የሕዝብ ውይይት ግን በአብዛኛው ረቂቁ ካለቀ በኋላ፣ ያልተጠቀሙበትን ብር ለመጨረስ ሁሉም መሥሪያ ቤት በሚሯሯጥበት በሰኔ ነው የሚጠራው። ያኔ ቦኖው ይጠገን ብሎ መናገር ይቻላል፣ የሚጠገንበትን መስመር ማስገባት ግን አይቻልም። ወረዳችሁ ከመጋቢት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ፣ ቁጥሩ ገና በእርሳስ እያለ፣ ስብሰባ የሚጠራ ከሆነ እሱ ላይ ሂዱ።